የቅርጫቱን ቀለበት የሠራው ሰው

የግቢያችን በር ማጠፊያ ተሰብሮ ባለፈው ሳምንት ወደ ብረት ሠሪዎች ሰፈር ይዤው ሄጄ ነበር። ሠራተኛው ማጠፊያውን አግሎ በመዶሻ ካቃናው በኋላ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነከረው። ብረቱ ጮኸ፤ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። እርጥብ ድንጋይ እርጥብ ድንጋይ፣ ደም ደም የሚለው የጋለ ብረት ሽታ ስንት ዘመን እንዳልሸተተኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። "አባባ፣ አመመዎት እንዴ? ይቀመጡ" አለኝ ሠራተኛው። አላመመኝም። ቤት ስመለስ ደግሞ የመጨረሻው ልጄ ከጓደኞቹ ጋር በረንዳ ላይ ሆኖ ይከራከራል። ለቅርጫት ኳስ ቡድናቸው ከሌላ አገር አንድ ረጅም ተጫዋች አስመጥተዋል፤ ጥሎ ማለፉም ሊጀመር ነው። ክርክራቸው አንድ ሰው የቡድንን ዕድል ይለውጣል ወይስ አይለውጥም የሚል ነበር። ልጄ ወደ እኔ ዞር ሲል አንዱ ጓደኛው "አባባ ስለ ኳስ ምን ያውቃሉ ብለህ ነው?" አለው። ስለ ኳስ ብዙ አላውቅም። ይህችን አንዲት ጥያቄ ግን ከእነሱ ይልቅ አውቃታለሁ። ስለዚህ ወንበር አስመጥቼ ተቀመጥሁና ነገርኋቸው፤ የነገርኋቸውንም እነሆ እጽፈዋለሁ።

ጣሊያን ወጥቶ ንጉሡ ከተመለሱ በኋላ ነው፤ ጎንደር ፒያሳ ላይ የጣሊያን ቢጫ ቀለም ገና ያልተላጠበት ዘመን። ገበሬው የወረቀት ብር አልቀበልም ብሎ በጠገራ ብሩ የሚሟገትበት፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ በአምስት ሳንቲም ጠጥተን ብርጭቆው ቀጭን ነው ብለን የምናጉረመርምበት ጊዜ ነበር። ጎበዝ የተባለ ወጣት ከጦር ሠራዊት የተረፈ ካኪ ቁምጣ ካገኘ እሱን አሳጥሮ፣ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ተጫምቶ ሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ይቆማል። የሚገባው ግን ጥቂቱ ነው፤ የቀረው የውስጡን ሙዚቃ ከውጭ ሰምቶ እያፏጨ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። እኔ አራዳ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። ትምህርት ቤት ደጁን አልረገጥሁም። ፊደል ከአንድ ደብተራ ጎረቤቴ ለመንሁ፤ ቁጥር ከሜትሬ ተማርሁ፤ የቀረውን ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ለቃቀምሁት። ጋዜጣው ሁልጊዜ ከመሐሉ የተቀደደ ስለነበር እስከ ዛሬም ብዙ ነገር መጀመሪያውንና መጨረሻውን ሳላውቅ መሐሉን ብቻ አውቃለሁ።

ጣሊያን ለመኮንኖቹ መዝናኛ ያስነጠፈው የሲሚንቶ ሜዳ ነበር። ቅርጫት ኳስ የሚባለውን ጨዋታ አስተማሪዎችና ከአስመራ የመጡ ሹፌሮች እዚያ አስለመዱን፤ ጥቂት ቆይቶ ሰፈር ከሰፈር መጋጠም ተጀመረ። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ፣ ጾም በሌለበት ወራት፣ ጥሎ ማለፍ ይደረጋል። እኛ አራዳዎች ልብስ ሰፊ፣ ሸቃጭና ጸሐፊ ነበርን። አውቶፓርኮ የሚባለው የመኪና ግቢ ሰፈር ልጆች ደግሞ መኪና ጠጋኞችና ሹፌሮች፣ ጎማ ሲያነሡ የዋሉ ክንዳሞች። ከፊታቸው በቆምን ቁጥር ይጥሉን ነበር። መሸነፉ ብቻ ቢሆን በተቻለ። ነገር ግን ሕዝባችን የገናን ጨዋታ ልማድ ወደ ኳሱ አምጥቶት ነበር፤ ያሸነፈ ወገን የተሸነፈውን በዘፈን ይሰድባል፣ የተሰደበውም ቆሞ ይሰማል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለም? አውቶፓርኮዎች በባዶ ጀሪካን እየመቱ እንዲህ ይሉን ነበር፦

የአራዳ ልጆች ሆይ ኳሱን ተዉትና፣
ሚዛኑን ጠብቁ ቅቤው ቀለጠና።

ይህ ዘፈን ዓመቱን ሙሉ ይከተለናል። ውኃ ቀጂዋ ትዘፍነዋለች፤ ቁልፍ ልታስተክል የመጣችውም ሴት በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ታዜመዋለች። ከሁላችንም ይልቅ ያንገበገበው ግን አለቃችን አዱኛ ነው። አዱኛ የእህል ነጋዴ ልጅ፣ መልከ ሸጋ፣ ነጭ ሸሚዝ የማይለየው ሰው ነበር። ቃል መግባት ይወድ ነበር። ክፉ ሰው ነበር አልልም። ቃሉን በገባበት ሰዓት ከልቡ ያምንበት ነበር፤ እንዲህ ያለው ሰው ከውሸታም የባሰ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ጥሎ ማለፉ ሊደርስ ሲል የአውቶፓርኮው ሲሳይ፣ የእነሱ አውራ፣ ኳስ አግብቶ በቀለበቱ ላይ ሲንጠለጠል ብረቱ ተቆርጦ ወደቀ። አዱኛ ከአንገረብ ወንዝ ማዶ አንድ ቀጥቃጭ አስጠራ። ተገኘ ይባላል፤ ከዛሪማ በኩል የመጣ፣ ጥቁር፣ ዝምተኛ፣ እንደ ባሕር ዛፍ የረዘመ ሰው። በማግስቱ አዲስ ቀለበት ሠርቶ መጣ። መሰላል አምጡ ስንል እሱ አንድ ግንድ አንከባሎ ወጣበትና ቀለበቱን ቸንክሮ ወረደ። ከዚያ ኳሱ እግሩ ሥር ተንከባሎ ሲደርስ አነሣው፤ ሚዛኑን እንደሚያይ በመዳፉ አገላበጠው፤ ወረወረው። ብረቱን ሳይነካ አለፈ።

"አንተ ቀጥቃጭ፣ እስቲ ድገመው" አለው አዱኛ።

ደገመው። አዱኛ ሠልሰውም አለው፤ ሠለሰው። ከዚያ ጠጋ ብሎ "አያ ተገኘ" አለው። ከአንድ አፍ፣ ከአንድ ሜዳ ሳይወጣ፣ "አንተ ቀጥቃጭ" የነበረው ሰው "አያ ተገኘ" ሆነ።

የዛሬ ልጆች ስለማታውቁት ልንገራችሁ። ያን ጊዜ የገበሬው ማረሻ፣ የእናቶቻችን ቢላዋ፣ የሟቹ መቃብር የሚቆፈርበት ዶማ ከቀጥቃጭ እጅ ነው የሚወጣ። ከቀጥቃጭ ጋር ግን የሚበላ የለም፤ የሚጋባ የለም። ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ቡዳ ነው ይባላል። ማተብ ቢያስር፣ ቢጾም፣ ቢሰግድ ያው ነው። ብረቱን በእጃችን እንቀበለዋለን፣ ሰላምታውን ግን በሩቁ።

"አያ ተገኘ፣ ለአራዳ ተጫወትልን" አለ አዱኛ።

"እኔ ሥራ አለብኝ።"

"የምትፈልገውን ንገረኝ። ምን ትፈልጋለህ?"

ተገኘ መዶሻውን በጨርቅ ጠቀለለ፣ ፈታ፣ እንደገና ጠቀለለ። "ሚስቴ አራስ ናት" አለ። "ወንድ ልጅ ነው። አርባው እየደረሰ ነው፤ ክርስትና የሚያነሣልኝ ሰው አጣሁ።"

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ክርስትና ማንሣት ቀላል ነገር አይደለም። የክርስትና አባት የሆነ ሰው ከልጁ ቤተሰብ ጋር ይዛመዳል፤ ቤታቸው ገብቶ ይበላል፣ ቤቱ አስገብቶ ያበላል። ሰውየው የለመነን ሰው መሆንን ነበር።

"ይኸው ነው?" አለ አዱኛ። "እኔ አነሣለሁ። አንተ ዋንጫዋን ብቻ አምጣልኝ።"

"በማን?"

"በእመቤቴ በማርያም።"

ለእሱ ቦታ ለመስጠት ከቡድኑ የወጣሁት እኔ ነኝ። ቂም ይዤ ነበር፤ ስለዚህም ከሁሉ ይልቅ አጥብቄ የተመለከትሁት እኔ ነኝ፤ ጉድለት እፈልግ ነበርና። አላገኘሁም። ለእሱ የሚበቃ መለያ ልብስ ስሰፋ ሜትሬ ከትከሻው እስከ ወገቡ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ሲለካ "ለልጁም የክርስትና ቀሚስ ስፋልኝ" አለኝ፤ ለእጄም ዋጋ መቀስ ሠርቶ አመጣልኝ። መቀሱ እስከ ዛሬ ይቆርጣል።

አንድ ሰው ቡድን ይለውጣል? ያን ሰሞን ላየ ሰው ጥያቄ አልነበረም። ተገኘ ኳስ ይዞ አይሮጥም፤ አይጮህም። ከቅርጫቱ ሥር ይቆማል፤ የሳተውን ሁሉ ይለቅማል። መሳት የማያስፈራቸው ሆነና ድሮ ኳስ ሲይዙ ወዲያው ለሌላ የሚያቀብሉ ልጆች መወርወር ጀመሩ። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ እንኳ፣ ደረቱ እንደ ወንፊት የሳሳው፣ ሲዘል ያየነው ያን ጊዜ ነው። ልምምድ ሲያልቅ ጠጅ ቤት እንገባለን። የእኛ በብርሌ ይቀዳል፤ የተገኘ በቆርቆሮ ጣሳ ወደ ደጃፉ ይወጣለታል። ቆሞ ይጠጣል፤ ጣሳውን አጥቦ በመስኮቱ ላይ ይደፋና "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። አንድ ቀን አዱኛ "በክርስትናው እለት ታያለህ፣ ከአንድ ገበታ ነው" ሲለው ሰማሁ። ተገኘ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አዘዞዎችን ጣልናቸው፤ ለመጨረሻው ከአውቶፓርኮ ጋር ደረስን። ያን ጊዜ ሹክሹክታው ተነሣ። ኳሱን በዓይኑ ነው የሚስበው አሉ። የሳተው ሁሉ፣ የተደናቀፈው ሁሉ፣ ዓይኑ ነው አለ። አዱኛ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። "ተዉአቸው፣ ይፍሩት" አለን። ለተገኘም "ሲሳይን ትክ ብለህ እየው" አለው።

"እኔ የማየው ቅርጫቱን ነው" አለ ተገኘ።

የመጨረሻው ጨዋታ እለት ከአራዳ እስከ ፒያሳ ሱቅ ሁሉ ተዘጋ። የታሰሩት አህዮች እንኳ ባለቤት አጥተው ይጮሁ ነበር። ሲሳይ ከሳንጃ ቆላ ሰሊጥ ጭኖ ገና ሌሊቱን መግባቱ ነበር። ዓይኑ ቢጫ፣ ከንፈሩ ደረቅ፣ በዚያ ፀሐይ ኮት ደርቦ ሜዳው ዳር ተቀምጦ አየሁት። ኮቱን አውልቆ ገባ፤ ጥቂት እንደ ሮጠ ቆሞ መንቀጥቀጥ ያዘ፤ ኳስ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል በዚያው በፊቱ ወደቀ። ደግፈው አወጡት። አሸነፍን። የዚያ ሁሉ ዓመት የተጠራቀመ ስድብ አፋችን ላይ ነበርና አራዳ በአንድ ድምፅ ተነሣ። ግጥሙን የሰጠው አዱኛ ራሱ ነው፦

ሲሳይን ምን ነካው ቆሞ ተንቀጠቀጠ፣
የኛ ሰው አየውና እንደ ሰም ቀለጠ።

ተገኘን ትከሻቸው ላይ ሊያነሡት ሲሉ እጃቸውን ገፋ። በሕዝቡ መሐል አልፎ ወደ አዱኛ መጣ። "ይህን አታዘፍን" አለው።

"በጨዋታ አይቆጡም፣ አያ ተገኘ።"

"ጨዋታው እኮ አለቀ።"

አዱኛ ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ይስቅ ነበር፤ የሰማውም አይመስለኝም። ዘፈኑ ግን ከተማውን ዞረ፤ አንገረብንም ተሻገረ። እኛ ለስድብ ያልነውን ሌላው ለምስክርነት ሰማው። የራሱ ወገን በአደባባይ መስክሮበታል፤ ከዚህ ወዲያ ማን ማስረጃ ይጠይቃል?

ሲሳይ አልጋ ላይ ዋለ። ያቃዠዋል፣ ያንዘፈዝፈዋል፣ ስም ይጠራል። እናቱ እቴ ጥሩነሽ ሌላ ልጅ የላትም። ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው የበላው ሰው መጥቶ ትፍ ሲልበት ነው ይባል ነበር። ስለዚህ የክርስትናው እሑድ ሁለት ቀን ሲቀረው ዘመዶቿ ተገኘን ከመዶሻው ላይ አንሥተው በገመድ ይዘውት መጡ። አዱኛ ወሬው እኛንም እንዳይነካን ብሎ ቡድኑን ሁሉ፣ የወጣሁትን እኔንም ጭምር፣ ጠራን፤ በዚያች ጠባብ ቤት ግድግዳ ለግድግዳ ቆምን።

"ልጄን ትፋልኝ" አለችው እቴ ጥሩነሽ። አልጮኸችም። እግሩ ላይ ወድቃ ነበር። "ምንም አልልህ። አልከስህ። ትፋልኝና ሂድ።"

"እናቴ፣ ያልበላሁትን ምን ብዬ ልትፋ?"

እኔ "ከሳንጃ ነው የመጣ፤ ወባ ነው፤ ሐኪም ቤት ውሰዱት" አልሁ። የሲሳይ አጎት "አንተ ስፌትህን ስፋ" አለኝ። ሁለተኛም ተናገርሁ፤ የሰማኝ የለም። ከዘመዶቹ አንዱ ዱላ ይዞ ነበርና ተገኘን በጀርባው ደለቀው። ተገኘ አልተነቃነቀም። ቢተፋ ቡዳነቱን በራሱ ምራቅ ማመኑ ነው፤ ባይተፋ ከዚያ ቤት በእግሩ አይወጣም። ቢሆንም የሚተፋ አይመስልም ነበር፤ ሊሞት የቆረጠ ሰው ፊት አይቼ አውቃለሁና።

ያን ጊዜ አዱኛ ወደ እኔ በኩል ወዳለው ጥግ ሳበው። የሰማነው እኔና ግድግዳው ነን። "አያ ተገኘ፣ ምራቅ ነው እኮ። ትፍ በልና ይብቃ። ሴትዮዋ ትረፍ። እሑድ እኔና አንተ ዘመድ ነን፤ ያን ጊዜ ማን ይነካሃል?"

"ታነሣልኛለህ?"

"ማርያምን።"

ተገኘ አልጋው ዘንድ ሄደ። አፉ ደርቆ ነበርና ምራቅ እስኪያገኝ ጥቂት ቆየ። ትፍ አለ። ቤቱ በእልልታ ተሞላ፤ ከእልልታው መሐል አንድ ድምፅ "አመነ፣ ይኸው በአፉ አመነ" ሲል ሰማሁ። በማግስቱ ሲሳይ ላብ አላበውና ትኩሳቱ ለቀቀው። ወባ እንዲህ ነው፤ ይለቃል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሲሳይም ተመልሶበት በኋላ በሐኪም ቤት ኪኒን ነው የዳነው፤ የሁለተኛውን በሽታ ግን ያወራ ሰው አልሰማሁም።

እሑድ ከደብሬ ቅዳሴ ወጥቼ በግንቡ አጥር ሥር ስመጣ ተገኘንና ሚስቱን ከፊት ለፊቴ አየኋቸው። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ነው። እኔ የሰፋሁት ቀሚስ በክንዷ ሥር ነበር፤ እኔ አጥፌ እንደሰጠኋቸው፣ በዚያው እጥፋት። ሕፃን ከውኃ ሲወጣ የሚለብሰው ነበር።

"ምነው?" አልሁት።

"አዱኛ መጥቶ ነበር" አለ ተገኘ። "ነጭ ለብሶ መጥቶ ነበር። ቄሱ ማን ያነሣል ሲሉ ዝም አለ። እኔ ምነው አዱኛ ብለው፣ በአፍህ አመንህ አለኝ። ራስህ ካመንህ እኔ ምን ላድርግህ አለኝ።"

ሚስቱ መሬቱን እያየች "አትትፋ እንዳልለው አጠገቡ አልነበርሁ" አለች። ለማን እንደ ተናገረችው አላውቅም።

እኔ ያን ጊዜ "የሚመጣው እሑድ እኔ አነሣለሁ" አልሁ። ከልቤ ነበር ያልሁት። ተገኘ ከዚያ ቁመቱ ላይ ሆኖ ቁልቁል አየኝ፤ ብዙ ጊዜ አየኝ። ዓይኑ እንደ ማንም ሰው ዓይን ነበር፤ ቀይ፣ እንቅልፍ ያጣ።

"ለአንተስ ምን ላሸንፍልህ?" አለኝ።

መልስ አልጠበቀም። በማግስቱ ወንዙን ተሻግሬ ስሄድ ምድጃው ቀዝቅዞ፣ ወናፉ ተነቅሎ፣ ቤቱ ተዘግቶ ነበር። ወደ ዛሪማ ተመለሱ ያለ አለ፤ በማክሰኝት ገበያ አየሁት ያለም አለ። ልጁን ማን እንዳነሣው አላውቅም። ተነሥቶ እንደሆነም አላውቅም።

በሚቀጥለው ጥሎ ማለፍ አውቶፓርኮ ጣለን፤ ከዚያ ወዲያም ዋንጫ አላየንም። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ጸሐፊው "ይህን ቀለበት ብናወርደውሳ፣ የእሱ እጅ ነው" አለ። አዱኛ ቀና ብሎ አየውና "ብረቱ ምን አደረገን? እንዲህ ያለ ብረት ከየት ይገኛል?" አለ። ቀለበቱ ሜዳው እስኪፈርስ ድረስ እዚያው ነበር። አልዛገም። አልታጠፈም። ስንት ሰው ተንጠለጠለበት።

ይህን ነግሬ ስጨርስ ልጄ "እና አባባ፣ ይለውጣል ማለት ነው?" አለኝ። የሰማው ይህን ብቻ ከሆነ ብዬ ተቆጣሁ፤ ነገር ግን የጠየቀው የገባውን ነበርና መለስሁለት።

"ይለውጣል። አንድ ሰው ቡድንን ከሥር እስከ ላይ ይለውጣል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ያመጣችሁት ልጅ የት ነው የሚያድረው?"

"ክፍል ተከራይተንለታል፤ እስከ ዋንጫው ድረስ።"

"ከተሸነፋችሁስ?"

"ከተሸነፍንማ ይሄዳል።"

"ካሸነፋችሁስ?"

ልጄ ጓደኞቹን አየ፤ ጓደኞቹም እሱን አዩት።

"እሱን" አለ፣ "አላሰብንበትም።"